ስንቅ ያጣ ክፍያ፦ ከደረቅ ቼክ እስከ ኤሌክትሮኒክ ዝውውር

መንገደኛ ስንቁን ሳይዝ ቢነሳ ከመንገድ ይመለሳል። በአገራችን የባንክ ቋንቋም በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይባላል። የገበያው ሰው ደግሞ አሳጥሮ «ደረቅ ቼክ» ይለዋል። ስያሜዎቹ ነገሩን ከብዙ መመሪያ በተሻለ ይገልጹታል። ቼክ ተላላኪ ነው፤ ገንዘቡን ተሸክሞ አይሄድም። ገንዘቡ ባንክ ቤት ተቀምጦ ተላላኪውን መጠበቅ አለበት። ካልጠበቀ ተላላኪው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዛሬ የገበሬዎች ህብረት ሥራ ዩኒየኖች ለመሠረታዊ ማህበራት፣ መሠረታዊ ማህበራትም ለአባሎቻቸው የሚከፍሉት ገንዘብ ከጊዜ ወደ ጊዜ በቼክና በጥሬ ብር መሆኑ እየቀረ በኤሌክትሮኒክ ዝውውር እየሆነ መጥቷል። ይህ በጎ እርምጃ ነው። ብር በጆንያ ጭኖ እስከ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ መጓዝ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የቀድሞ ገንዘብ ያዦች ያውቁታል። ይሁን እንጂ የግዢ ወቅት በደረሰ ቁጥር በሂሳብ ክፍሎች ውስጥ አንድ የቆየ ቃል አሁንም ይሰማል፤ «ተመልሷል» የሚለው ቃል።

ለአባሉ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። በሌላ ጊዜ ግን ኔትወርኩ በትክክል ሠርቷል፤ ሂሳቡን አይቶ በቂ ስንቅ በማጣቱ ትዕዛዙን መልሶታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ቀይ እሸት ቡናውን ጣቢያ አድርሶ፣ አስመዝኖ፣ ደረሰኝ ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬ ገንዘቡ አንድ ሳምንት ቢዘገይበት በሚቀጥለው ዙር የለቀመውን እዚያው በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው ሰብሳቢ ይሰጣል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ማህበሩ ግን በዚያው ልክ እሸት ያጣል፤ ዩኒየኑም ለገዢ ቃል የገባውን መጠን ለመሙላት ይቸገራል። ስለዚህ ክፍያ ለምን ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ለባንክ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ደግሞ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል።

ከእጅ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ወረቀት

ክፍያ በአሞሌ ጨውና በማሪያ ቴሬዛ ብር ይፈጸም በነበረበት ዘመን «በስንቅ ማነስ የተመለሰ ክፍያ» የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም ነበር። ሻጩ ብሩን ይቆጥራል፤ የተጠራጠረውን አንጥሮ ድምፁን ይሰማል፤ ጎድሎ ካገኘው እህሉን አይለቅም። ትዕዛዙና ገንዘቡ አንድ ነገር ነበሩ። ሰው ሊያታልል ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሌለውን ገንዘብ ቆጥሮ ሊያስረክብ አይችልም።

ሁለቱን የለያያቸው ባንክ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ጀመረ። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ እርሱም ኋላ ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ለየብቻ ሥራ ጀመሩ። በእነዚህ ዓመታት ቼክ ከጥቂት ነጋዴዎችና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሰፊው የንግድ ዓለም ገባ።

ሕጉም ተከትሎ መጣ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ቼክ እንደቀረበ ወዲያውኑ የሚከፈል ሰነድ መሆኑን ደነገገ። በላዩ ላይ የወደፊት ቀን ቢጻፍበት እንኳ ከዚያ ቀን በፊት ለባንክ ከቀረበ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። ገበያው ግን በዚህ አልሄደም። ነጋዴው ዕቃ በዱቤ ሲወስድ «ለዋስትና ያህል» እያለ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ መስጠት ለመደ። ሻጩም ቼኩን በካዝና ቆልፎ ቀኑን ይጠብቃል። በዚህ አሠራር ቼኩ የመክፈያ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የተስፋ ወረቀት ሆነ። ቀኑ ሲደርስ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ባንኩም በቂ ስንቅ እንደሌለው ገልጾ ይመልሰዋል። ብዙ የፍርድ ቤት ክርክሮች የተነሱት ከዚህ ልማድ ነው።

መንግሥት ነገሩን በወንጀል ሕግ ጭምር ለመግታት ሞክሯል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ያስቀጣል። የኋለኛው ሕግ አንቀጽ 693 ሆን ብሎ የሚያወጣውን ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነት የሚያወጣውንም ይመለከታል። ለህብረት ሥራ ማህበራት ይህ ነጥብ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ቼክ ላይ የሚፈርሙት ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ አብዛኛውን ጊዜ በአባላት የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። የሂሳቡን ቀሪ በየቀኑ የሚያውቀው ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛው ነው። ፈራሚው ሳያጣራ ቢፈርም «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት ላያድነው ይችላል።

የማጣራቱ ሥራና የጊዜው ክፍተት

አንድ ባንክ ብቻ በነበረበት ዘመን የቼኩን ስንቅ ማየት የአንድ ቤት ጉዳይ ነበር። ባንኮች ሲበዙ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። የአንዱ ባንክ ደንበኛ የጻፈውን ቼክ ሌላው ባንክ ተቀብሎ ለደንበኛው ሂሳብ ሲያስገባ ስንቅ መኖሩን በምን ያውቃል? እስኪያውቅስ ገንዘቡን ይስጥ ወይስ ይያዝ?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ በሰፊው የገጠማቸው የለንደን ባንኮች ነበሩ። ተላላኪዎቻቸው ከባንክ ባንክ እየዞሩ ቼክ ሲያስረክቡና ገንዘብ ሲቀበሉ ይውሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ እነዚሁ ሠራተኞች በአንድ ቦታ ተገናኝተው ቼኮቻቸውን መለዋወጥና ልዩነቱን ብቻ መከፋፈል ጀመሩ። ባንኮች ክሊሪንግ የሚሉት የማጣራት ሥራ የተወለደው እንዲህ ነው። ዘዴው ብዙ ድካም አስቀርቷል። በሌላ በኩል ግን እስከ ዛሬ ያልተዘጋ የጊዜ ክፍተት ትቶ አለፈ። ቼኩ ዛሬ ይሰጣል፤ ልውውጡ በሌላ ሰዓት ይደረጋል፤ ከፋዩ ባንክ ሂሳቡን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማይከፈለው ቼክ ተለይቶ የሚመለሰው ደግሞ ይበልጥ ዘግይቶ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሂሳቡ ላይ ሌላ ወጪ ሊደረግ ይችላል።

በአገራችን ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጥቂት የመንግሥት ባንኮች ብቻ ስለነበሩ ጉዳዩ ጎልቶ አልታየም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለኢትዮጵያውያን የግል ባንኮች በር ሲከፍት ግን የባንኮች ቁጥር በየጊዜው ጨመረ። በአንድ ባንክ የተጻፈ ቼክ በሌላ ባንክ መቅረቡ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ቼኩ መንገድ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ገንዘቡን መጠበቅ ነበረበት።

እንግዲህ ሻጩ ይህን ሁሉ ፍርሃት ለማስቀረት ምን አደረገ? «ሲፒኦ አምጣ» አለ። በጨረታ የተሳተፈ ሁሉ ሲፒኦን ያውቀዋል። በሲፒኦ ባንኩ ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ገንዘቡን ከደንበኛው ሂሳብ ቀንሶ ለብቻው ያስቀምጣል። በቂ ገንዘብ ከሌለ ወረቀቱ ጭራሹን አይወጣም። ቼክና ሲፒኦ ሲታዩ ሁለቱም ወረቀቶች ናቸው። የሚለያዩት ስንቁ በሚታይበት ሰዓት ነው፤ በቼክ ኋላ፣ በሲፒኦ ቀድሞ። ከዚህ በኋላ በዓለምም ሆነ በአገራችን የተሠሩት የክፍያ ሥርዓቶች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን የተከተሉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በምርት ገበያው ወለል ላይ

«ስንቁ ቀድሞ ይታይ» የሚለውን አሠራር በግብርናው ዘርፍ በሰፊው ሥራ ላይ ያዋለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ምርት ገበያው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። ቡና ወደ ምርት ገበያው የገባው በ2001 ዓ.ም. ነው። ለመቋቋሙ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ውል ማፍረስና ክፍያ አለመፈጸም ነበር። ገበሬውም ነጋዴውም የሚገበያየው ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ ነበር፤ የማያውቀው ሰው ቼክ ቢሰጠው ደረቅ ይሁን እርጥብ የሚለይበት መንገድ አልነበረውምና።

ምርት ገበያው ይህን ያስተካከለው ሰዎችን በመምከር ወይም በማስፈራራት አልነበረም። ገዢው ወደ ግብይት ከመግባቱ በፊት ገንዘቡን በተመደበለት የባንክ ሂሳብ ማስገባት አለበት። ምርት ገበያው ያንን መጠን አይቶ ገዢው ከዚያ በላይ እንዳይገዛ ይገድበዋል። ሻጩም በበኩሉ ምርቱን ቀድሞ ወደ መጋዘን አስገብቶ፣ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት፣ ደረሰኝ ይይዛል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ሊሸሹ አይችሉም፤ ገንዘቡም ምርቱም አስቀድሞ በሦስተኛ ወገን እጅ ነው። ክፍያው በማግስቱ ከገዢው ሂሳብ ወደ ሻጩ ሂሳብ ይዛወራል። ስንቅ ያጣ ክፍያ ሊፈጠር የሚችልበት ቀዳዳ በዚህ ተደፈነ።

የህብረት ሥራ ዩኒየኖች ቡናቸውን በምርት ገበያው ሳያሳልፉ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ስለተፈቀደላቸው ይህ ጥበቃ በሙሉ አልደረሳቸውም። ፈቃዱ በዋጋ በኩል ጠቅሟቸዋል። በክፍያ በኩል ግን የራሳቸውን ስንቅ ራሳቸው እንዲያዘጋጁ አስገድዷቸዋል። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን የሚፈልገውም ያኔ ነው። የውጭ ገዢው የሚከፍለው ቡናው ተዘጋጅቶ፣ ተጭኖ፣ ሰነዱ ቀርቦ ነው። በሁለቱ መካከል ወራት ያልፋሉ። ክፍተቱ የሚሞላው በባንክ ብድርና በኦቨርድራፍት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኦሮሚያ ህብረት ሥራ ባንክ ሲቋቋም ከታሰቡት ዓላማዎች አንዱም የማህበራትን የገንዘብ ችግር ማቃለል ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነ ጊዜ፣ ጣሪያው ኋላ ላይ ከፍ ቢልም፣ በብድር ስንቅ የሚንቀሳቀስ ሁሉ መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አይቷል።

ወረቀቱ ሲቀር ችግሩ ለምን አልቀረም?

የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ታሪክ የሚጀምረው ከወረቀት ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ባንኮች በየዓመቱ የሚጨምረውን የቼክ ክምር ማስተናገድ እያቃታቸው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1968 የካሊፎርኒያ ባንኮች ያለ ወረቀት የሚፈጸም ክፍያን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያው አውቶማቲክ የማጣሪያ ማዕከል በዚያው በካሊፎርኒያ ሥራ ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደንብ የሚያወጣው ብሔራዊ ማህበር ተቋቋመ። በእንግሊዝም ባንኮች በጋራ ተመሳሳይ የኮምፒዩተር ማዕከል ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

እነዚህ ሥርዓቶች ወረቀቱን አስወገዱ እንጂ የቼኩን ልማድ አላስወገዱም። ክፍያዎች በጥቅል ተሰብስበው በተወሰነ ሰዓት ይላካሉ፤ የከፋዩ ባንክ ዝርዝሩን ሲቀበል እያንዳንዱን ሂሳብ ያያል፤ ስንቅ ያጣውን ይመልሳል። በተለይ ገንዘብ ተቀባዩ ራሱ ከከፋዩ ሂሳብ «እንዲሳብልኝ» ብሎ የሚያዝዝበት ክፍያ ከቼክ ብዙም አይለይም። የቤት ኪራይ፣ የመድን፣ የመብራት ክፍያ በአሜሪካ በዚህ መንገድ ይሰበሰባል። ሳቢው ድርጅት የከፋዩን ቀሪ ሂሳብ አያይም፤ ቀን ቆጥሮ ትዕዛዝ ይልካል። ደመወዝ በአንድ ቀን ከዘገየ ትዕዛዙ ባዶ ሂሳብ ላይ ይደርሳል። በዚያ አገር የሚኖር ወገናችን ለቤተሰቡ ገንዘብ ለመላክ ከባንክ ሂሳቡ እንዲቆረጥ ሲያዝዝም ያው ነው። ላኪው ድርጅት አንዳንዴ ገንዘቡ በትክክል መድረሱን ለማወቅ ቀናት የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካው ደንብ የሚጠቅም አንድ ነገር አለው፤ ክፍያ ሲመለስ ምክንያቱ በቁጥር ተገልጾ ይመለሳል። «አር01» ማለት በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው። «አር02» ሂሳቡ ተዘግቷል፤ «አር03» እንዲህ ያለ ሂሳብ የለም። ከሁሉ የሚያስገርመው «አር09» ነው። ገንዘብ ገብቷል፣ ነገር ግን ገና አልተጣራም፣ ስለዚህ ሊከፈልበት አይችልም ማለት ነው። በአገራችን «ብሩ አለ፣ ግን አይወጣም» ሲባል ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። እዚያ ግን የራሱ መለያ ቁጥር አለው።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የክፍያ ማስተላለፊያ ሥርዓቱን ሥራ ላይ ያዋለውና የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሥርዓቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ትላልቅና አስቸኳይ ክፍያዎችን አንድ በአንድ፣ በደረሱበት ቅጽበት የሚያወራርድ ነው፤ ባንኮች አር.ቲ.ጂ.ኤስ. ይሉታል። ሁለተኛው ቼኮችንና አነስተኛ ክፍያዎችን በጥቅል የሚያጣራ ነው። የመጀመሪያው የሲፒኦ ዘመድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የቼክ። ከዚያ ወዲህ ኢትስዊች የባንኮችን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች አገናኝቷል፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ስልክ ያለው ገበሬ ሁሉ ኪስ ውስጥ ሂሳብ ሊኖረው የሚችል ሆኗል።

በስልክ የሚላክ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ከመጀመሪያውም እምቢ ይላል። ላኪው «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» የሚል መልስ እዚያው ያነባል። ይህ ለላኪው ቢያሳፍርም ለተቀባዩ እረፍት ነው፤ ያልተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ብሎ አይጠብቅም። የሚያስቸግረው በጥቅል የሚላከው የክፍያ ዝርዝር ነው።

ለምሳሌ አንድ ዩኒየን ለ12 መሠረታዊ ማህበራት ለእያንዳንዳቸው 250,000 ብር፣ በድምሩ 3,000,000 ብር ለመክፈል ዝርዝር አዘጋጅቷል እንበል። ሂሳብ ሠራተኛው ማታ ሲያይ ቀሪ ሂሳቡ 3,100,000 ብር ነው። 100,000 ብር ተርፎ ደብዳቤው ተፈረመ። ከዚህ ቀሪ ሂሳብ ውስጥ ግን 400,000 ብሩ ትናንት የገባ፣ ገና ያልተጣራ ቼክ ነው። ሌሊት ደግሞ የብድር ወለድ 60,000 ብር በራሱ ጊዜ ተቆረጠ። ጠዋት ሊከፈልበት የሚችለው ገንዘብ 2,640,000 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። አሥር ማህበራት ተከፈላቸው፤ 140,000 ብር ቀረ፤ የአገልግሎት ክፍያም ከዚያው ላይ ይነሳል። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ተመለሱ። ማህበራቱ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ማንም አስቦበት አያውቅም ይሆናል፤ የዚያን ቀን ግን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተጻፉት ናቸው ያለ ክፍያ የቀሩት። አንዳንድ ባንክ ሥርዓቱን ያዘጋጀው ድምሩ ካልሞላ ዝርዝሩን በሙሉ እንዲመልስ ነው። ያኔ ለአሥሩ የሚበቃ ገንዘብ እያለ አሥራ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያታለለ የለም፤ የተበላሸ ማሽንም የለም። ሂሳብ ሠራተኛው ያየው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ባንኩ ያየው ቁጥርም ትክክል ነበር። በሂሳቡ ላይ የሚታየው ገንዘብና ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው የታለፈው። ያልተጣራ ቼክ፣ ለሲፒኦ ወይም ለዋስትና የተያዘ ብር፣ በፍርድ ቤት የታገደ መጠን፣ በራሱ የሚቆረጥ የብድር ክፍያ፣ ሂሳቡ ውስጥ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ ተቀማጭ፣ እነዚህ ሁሉ በመግለጫው ላይ ብር ናቸው፤ ለክፍያ ግን ብር አይደሉም። የኦቨርድራፍት ጣሪያም እንዲሁ ነው። ጣሪያው ሲያልቅ ወይም የውሉ ጊዜ ሲያበቃ ትናንት ይከፈል የነበረው ትዕዛዝ ዛሬ ይመለሳል።

ሌላም ደረጃ አለ፤ ባንኩ ራሱ ስንቅ ሊያጥረው ይችላል። ከባንክ ወደ ባንክ የሚሄድ ክፍያ የሚወራረደው ባንኮቹ በብሔራዊ ባንክ ባላቸው ሂሳብ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት የላኪው ባንክ ሂሳብ በዚያች ሰዓት ካልበቃ ትዕዛዙ ተራ ይይዛል፤ ገንዘብ ሲገባ ይለቀቃል፤ እስከ ቀኑ መዝጊያ ካልገባ ሊሰረዝ ይችላል። ደንበኛው በሂሳቡ በቂ ብር ኖሮት ክፍያው የዘገየበት እንደሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የባንኮች የእርስ በርስ የገንዘብ ገበያ ትርፍ ያለው ባንክ ላጠረው የሚያበድርበት መንገድ በመሆኑ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ይረዳል።

ስንቅ ማየት ቢቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ አገሩ ሁሉ አንድ ሌሊት አይቷል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ወጣ። ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አደረገ፤ ያልመለሱትንም ስም ይፋ አደረገ። በዚያች ሌሊት «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ብሎ የሚመልሰው ዓይን ተዘግቶ ነበር። ያ መልስ በሌላ ቀን ሲያበሳጭ የሚታየው፣ ሥራውን ሲሠራ ስለሆነ ነው።

ቀድሞ የሚታይ ስንቅ

የምርት ገበያው ዘዴ ለዩኒየን የሂሳብ ክፍልም ይሠራል። የክፍያ ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት ሙሉው ድምር ለክፍያ ብቻ ወደ ተከፈተ ሌላ ሂሳብ ይዛወራል። ዝውውሩ ካልተሳካ ጉድለቱ የሚታወቀው አባሉ ሳይሰማ ነው። የብድር ቆረጣና የአገልግሎት ክፍያ በዋናው ሂሳብ ላይ ስለሚያርፍ የክፍያውን ሂሳብ አይነካውም። ባንኩ የሚጠየቀውም «ቀሪ ሂሳቡ ስንት ነው» ተብሎ ሳይሆን «ዛሬ ሊወጣ የሚችለው ስንት ነው» ተብሎ ነው። የተመለሰ ክፍያ ቢኖር ደግሞ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል። በስንቅ ማነስ የተመለሰውን ገንዘብ ሲገባ እንደገና መላክ ይቻላል፤ በተሳሳተ የሂሳብ ቁጥር የተመለሰው ግን አሥር ጊዜ ቢላክ አሥር ጊዜ ይመለሳል። ሁለቱን «ኔትወርክ» በሚል አንድ ስም መጥራት የአባሉን ጊዜ ያባክናል፤ በማህበሩ ላይ ያለውን እምነትም ይሸረሽራል።

ቼክም ገና አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የነጋዴዎችን፣ የንግድ ማህበራትንና የኪሳራን ጉዳይ ሲተካ የ1952ቱን ሕግ የቼክ ድንጋጌዎች በቦታቸው ትቷቸዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚናገረውም ስለ ቼክ ነው። በአንድ ዩኒየን በአንድ ቀን የተፈረሙ ሁለት ወረቀቶች፣ አንዱ ለትራንስፖርት ድርጅት የተሰጠ ቼክ፣ ሌላው ለባንክ የተላከ የማህበራት ክፍያ ዝርዝር፣ ከአንድ ባዶ ሂሳብ ሊመለሱ ይችላሉ። በመጀመሪያው ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ፖሊስ ጣቢያ ሊጠሩ ይችላሉ። በሁለተኛው የሚጠራቸው የለም፤ የሚጠብቃቸው ደረሰኝ በእጁ የያዘው አባል ብቻ ነው።